ስለ ድምፅ ረዳቶችና ስለ ስማርት የቤት ዕቃዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን፤ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድምፅ ረዳትና ስማርት ስፒከር አንድ ናቸው?

አይደሉም። ረዳቱ ሶፍትዌሩ ነው፤ ስፒከሩ ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚሰማበትና የሚናገርበት ዕቃ። ሲሪ የአፕል፣ አሌክሳ የአማዞን፣ አሁን በጄሚናይ እየተተካ ያለው አሲስታንት ደግሞ የጉግል ረዳቶች ናቸው። ሆምፖድ፣ ኤኮ እና ኔስት የዕቃዎቹ ስሞች ናቸው። ሲሪ በ2011 ከአይፎን 4ኤስ ጋር መጣች፤ አሌክሳ በ2014 ከመጀመሪያው ኤኮ ጋር፤ የጉግሉ በ2016። ዛሬ እነዚሁ ረዳቶች ቴሌቪዥን፣ የእጅ ሰዓትና መኪና ውስጥም ስላሉ፣ ሳያውቁት አንዱ ቤትዎ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ምን ይጠቅመኛል?

ማስታወቂያው የሚለውን ያህል አይደለም። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ሞቅታ ሲበርድለት የሚጠቀምበት ለጥቂት ነገር ነው፦ ሙዚቃ ለማጫወት፣ ታይመር ለመሙላት፣ የአየር ሁኔታ ለመጠየቅ፣ መብራት ለማብራትና ለማጥፋት። እጅ በሥራ በተያዘበት ሰዓት እነዚህ ትንንሽ ነገሮች በእርግጥ ያግዛሉ፤ ከዚያ በላይ ከጠበቁ ግን ቅር ይልዎታል።

ከማንም በላይ የሚጠቅመው ዓይኑ ለደከመ፣ እጁ እንደ ልብ ለማይታዘዝለት ወይም ከአልጋ መነሣት ለሚከብደው ሰው ነው። መብራት ለማጥፋት፣ ሬዲዮ ለመክፈት ሰው መጥራት ቀረለት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከዚህ በታች ያሉትን ጥርጣሬዎቼን ሁሉ ቀነስ አድርገው ያንብቧቸው። አንድ ነገር ብቻ፦ ስማርት ስፒከሮች በአብዛኛው ወደ አምቡላንስ ወይም ወደ እሳት አደጋ በቀጥታ አይደውሉም። ለክፉ ቀን ስልክ አጠገብ ይኑር።

ስልኬ ላይ ያለው ረዳት አይበቃኝም?

ለብዙ ሰው ይበቃል። ስፒከሩ የሚበልጠው በሁለት ነገር ነው። ማይክሮፎኖቹ ብዙ ስለሆኑ ሙዚቃ እየተጫወተም ከክፍሉ ማዶ ሲጠሩት ይሰማል። ደግሞም የአንድ ሰው ሳይሆን የቤቱ ነው፤ ልጅም አያትም የማንንም ስልክ ሳይከፍቱ ያዝዙታል። ስልክዎ ላይ ያለውን ለጥቂት ሳምንታት ይሞክሩት። ከታይመር ያለፈ ነገር ካልጠየቁት፣ ስፒከር ቢገዙም አይጠይቁትም።

አማርኛ ይችላል?

ሲሪም ሆነ አሌክሳ አማርኛን በይፋ አይደግፉም፤ ጉግል አሲስታንት ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ውስጥም አማርኛ የለበትም። እንግሊዝኛ ወይም ዐረብኛ የሚችል ሰው በነዚያ ያዝዛል።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው በጉግል ኪቦርድ አማርኛን በድምፅ መጻፍ ስለሚቻል ነው። ጉግል ይህን የጨመረው በ2017 ነው። ነገር ግን የተነገረን ወደ ጽሑፍ መቀየር አንድ ሥራ ነው፤ ከጽሑፉ ውስጥ የትኛው አምፖል ምን ይሁን እንደተባለ መለየት ሌላ፤ መልሱን ለጆሮ በማይጎረብጥ አማርኛ መናገር ሦስተኛ። አንዱ ከጎደለ ረዳቱ አይሠራም። እስከዚያው ለዕቃዎችዎ እንደ «ሳሎን» ያለ በሁለቱም ቋንቋ የሚሰማ ስም ቢያወጡላቸው፣ እንግሊዝኛ የማይቀናው የቤተሰብ አባልም ሁለት ሦስት ትእዛዝ በቃሉ ይዞ መጠቀም ይችላል።

እንግሊዝኛ ስናገር አይገባውም። ችግሩ የኔ ነው?

የእርስዎ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት የአማዞን፣ የአፕል፣ የጉግል፣ የአይቢኤምና የማይክሮሶፍትን ድምፅ ለይቶ የመጻፍ ቴክኖሎጂዎች ፈትነው ነበር። ነጭ አሜሪካውያን ከተናገሩት 100 ቃል በአማካይ 19ኙን ሲስቱ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ከተናገሩት ግን 35ቱን ስተዋል። በቋንቋው ተወልደው ባደጉ ሰዎች ላይ እንዲህ ከሆነ፣ በሌላ ቅላጼ ለሚናገር ሰው ቢብስ አይገርምም። ማሽኑ የሚያውቀው የሠለጠነበትን ድምፅ ነው።

የሚረዱ ነገሮች አሉ። በሴቲንጉ ውስጥ የአሜሪካውን እንግሊዝኛ ትተው የብሪታንያውን ወይም የሕንዱን ይሞክሩ፤ ለውጡ አንዳንዴ ያስደንቃል። ትእዛዙን አሳጥረው በአንድ ትንፋሽ ይናገሩ፤ ቃል በቃል እየቆራረጡ መናገር ያባብሰዋል። ስፒከሩንም ከግድግዳው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከቴሌቪዥኑ ደግሞ በተቻለ መጠን ያርቁት።

ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?

በአብዛኛው አይሠራም። ስፒከሩ ራሱ የሚያውቀው መጠሪያውን፣ ማለትም እንደ «አሌክሳ» ያለውን የሚቀሰቅሰውን ቃል ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተቀረው ንግግር ወደ ኩባንያው ሰርቨር ሄዶ፣ እዚያ ተተርጉሞ፣ መልሱ ይመለሳል። መስመር ሲቋረጥ ስልክዎን በብሉቱዝ አገናኝተው ሙዚቃ ማጫወት ይችላሉ፤ ኤኮ ላይ አስቀድሞ የተሞላ ማንቂያም በሰዓቱ ይጮኻል። አፕል ከ2021 ወዲህ አንዳንድ የሲሪ ትእዛዞች እዚያው ስልኩ ላይ እንዲሠሩ አድርጓል።

ስለዚህ ማንኛውንም ስማርት ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ በእጅ ይሠራል? መልሱ አይሠራም ከሆነ፣ እኔ ብሆን አልገዛውም። የሚጫኑት ቁልፍ የሌለው ማሞቂያ ወይም በአፕ ብቻ የሚከፈት በር ችግር መጥራት ነው።

የትኛውን ልግዛ?

ኪስዎ ያለውን ስልክ ይከተሉ። አይፎን ካለዎት ሆምፖድ፣ አንድሮይድ ከሆነ የጉግሉ ብዙ ጣጣ አያመጣም፤ ሆምፖድ ያለ አይፎን ወይም አይፓድ አይቋቋምም። ኤኮ ለሁለቱም ይሆናል። የድምፅ ጥራት የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ግን ትንንሾቹን ሞዴሎች ሁሉ ይርሷቸው።

ከሌላ አገር የመጣ ዕቃ ይሠራልኛል?

መጀመሪያ ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የትም ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ነው። 120 ቮልት ብቻ የሚል ዕቃ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ማስማሚያው የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይለውጥም። ስፒከሮች በአብዛኛው ሁለቱንም ይችላሉ። አደጋው ያለው ስማርት አምፖልና ስማርት ሶኬት ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ለአንድ ገበያ ብቻ የተሠሩ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ አካውንቱ ነው። ኩባንያው በአገርዎ አገልግሎቱን በይፋ ካልጀመረ፣ ዕቃው በርቶም አንዳንድ ነገሮችን እንቢ ይላል፤ በተለይ ከሙዚቃ ክፍያና ከዜና ጋር የተያያዙትን። አድራሻውን ወደ ሌላ አገር ቀይረው የሚጠቀሙ ሞልተዋል። የአየር ሁኔታ የሌላ ከተማ ሲነግራቸው ምክንያቱን የሚረሱትም እነሱው ናቸው።

አምፖሉ ወይም ሶኬቱ ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ብሎኛል።

ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ነገሩ የሞገድ ጉዳይ ነው። ርካሽ ስማርት ዕቃዎች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው፤ ስልክዎ ደግሞ ፈጣኑን 5 ጊጋኸርትዝ ይዟል። ራውተርዎ ለሁለቱም አንድ ስም የሚጠቀም ከሆነ፣ ዕቃውን እስኪያገናኙ ድረስ 5ቱን ያጥፉት ወይም ከራውተሩ ራቅ ብለው ይሞክሩ፤ ርቀቱ ሲበዛ ስልኩ ራሱ ወደ 2.4 ይወርዳል።

ተገናኝቶ ሲሠራ የነበረ አምፖል በድንገት «ምላሽ አይሰጥም» ከተባለ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ይዩ። አንድ ሰው በልማዱ አጥፍቶት ይሆናል። ኤሌክትሪክ ያላገኘ አምፖል ትእዛዝ አይሰማም።

«ማተር» የሚለው ምልክት ምንድን ነው?

አፕል፣ ጉግል፣ አማዞን፣ ሳምሰንግና ሌሎችም ተስማምተው ያወጡት የጋራ መመዘኛ ነው፤ የመጀመሪያው ዕትም በኦክቶበር 2022 ወጣ። ምልክቱ ያለበት አምፖል ከማንኛቸውም ረዳት ጋር ይሠራል፤ በኋላ ረዳት ቢቀይሩ አምፖሉን አይጥሉትም። ትእዛዙም ከመቆጣጠሪያው ወደ ዕቃው የሚሄደው በቤትዎ ኔትወርክ ውስጥ ስለሆነ የኢንተርኔት መቋረጥን የመቋቋም ዕድሉ ይሻላል። ሁለት ዕቃ እኩል ዋጋ ካላቸው ምልክቱ ያለበትን ይውሰዱ።

ስማርት ሶኬት ላይ ምድጃ ወይም ማሞቂያ መሰካት ይቻላል?

አይሰኩ። ብዙዎቹ ስማርት ሶኬቶች የሚችሉት 10 አምፔር ነው፤ ይህም በ220 ቮልት 2,200 ዋት ማለት ነው። 2,000 ዋት ማሞቂያ ብቻውን ከ9 አምፔር በላይ ይስባል። ለደቂቃዎች ይችለው ይሆናል፤ ለሰዓታት ሲቆይ ግን በውስጡ ኤሌክትሪኩን የምታበራና የምታጠፋው ትንሿ ሪሌ ትግላለች፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል።

16 አምፔር የሚችል ቢያገኙ እንኳ ሌላ ነገር ያስቡ፦ ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ ሰው በሌለበት ክፍል፣ በተሳሳተ ትእዛዝ፣ መጋረጃ ወድቆበት ሊበራ ይችላል። ስማርት ሶኬት ለመብራት፣ ለማራገቢያ፣ ለቻርጀር ነው።

ሌት ተቀን ተሰክቶ ሲውል ኤሌክትሪክ አይበላም?

ጥቂት ይበላል። ትንሽ ስፒከር ዝም ብሎ ሲጠብቅ ከ2 እስከ 3 ዋት ይወስዳል፤ በዓመት ሲሰላ ከ17 እስከ 26 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። «የጠፋ» ስማርት አምፖልም ትእዛዝ ለመጠበቅ ጥቂት ይስባል። ቤቱ ሙሉ በስማርት አምፖል ከተሞላ ይደመራል እንጂ፣ አንድ ስፒከር ሒሳብዎን አያናጋም።

ሁልጊዜ ያዳምጠኛል?

ማይክሮፎኑ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይልክም። ዕቃው ውስጥ ያለች አነስተኛ ፕሮግራም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ድምፅ እየያዘች፣ መጠሪያውን ካልሰማች በላዩ ላይ አዲስ ድምፅ ትጽፍበታለች። መጠሪያውን ሰማሁ ስትል ብቻ መብራቱ በርቶ ድምፁ ወደ ሰርቨር መጓዝ ይጀምራል።

ችግሩ «ሰማሁ» የምትለው ሳይጠሯትም መሆኑ ነው። በ2020 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ስፒከሮችን ፊት ለፊት የቴሌቪዥን ድራማ ሲያጫውቱላቸው፣ አንዳንዶቹ በቀን እስከ 19 ጊዜ በስህተት ነቅተዋል። በዚያው ዓመት የጀርመኑ ሩር ዩኒቨርሲቲ ቦኹም ተመራማሪዎች ረዳቶችን በስህተት የሚቀሰቅሱ ከ1,000 በላይ የቃላት ቅንጅቶች አግኝተዋል። ከሁሉ የከፋው በ2018 በአሜሪካ ፖርትላንድ የሆነው ነው። አንድ ኤኮ የባልና ሚስትን ወሬ ቀድቶ ለሚያውቁት ሰው ላከው። አማዞን እንዳስረዳው ዕቃው በወሬው መሀል መጀመሪያ መጠሪያውን፣ ቀጥሎ «መልእክት ላክ» የሚል፣ ከዚያ የሰው ስም፣ በመጨረሻም «አዎ» የሰማ መስሎት ነበር።

ኤኮ ላይ ማይክሮፎን ማጥፊያው ሲጫን ቀይ መብራት ይበራል፤ የጉግሎቹ ከጎን ወይም ከኋላ መግፊያ አላቸው። ሆምፖድ ማጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ በሴቲንግ ነው የሚዘጋው። መኝታ ቤት ውስጥ ስፒከር አለማኖር ከሁሉም ይቀላል።

የተናገርኩትን ሰው ይሰማዋል?

ሰምቷል። በ2019 የዜና አውታሮች እንዳጋለጡት አማዞን፣ ጉግልና አፕል ሦስቱም ከተቀዱት ድምፆች ጥቂቱን በሰው ያስደምጡ ነበር፤ ዓላማው የማሽኑን ስህተት ማረም ቢሆንም ተጠቃሚው አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ አፕል የሚያስደምጠው ራሳቸው የፈቀዱ ሰዎችን ድምፅ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ሲሪ ሳትጠራ ድምፅ ቀድታለች በሚል የቀረበበትን ክስ በ95 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ፤ ጥፋቱን ግን አላመነም።

የተቀዳውን ማጥፋት ይቻላል። በእያንዳንዱ ረዳት አፕ ውስጥ የግላዊነት ክፍል አለ፤ እዚያ የድሮውን ይደምስሱ፣ የወደፊቱም እንዳይቀመጥ ይምረጡ። ሳይቀመጥ መቅረት ግን ሳይላክ መቅረት አይደለም። አማዞን በአንዳንድ የኤኮ ሞዴሎች ላይ የነበረውን «ድምፄ አይላክ» የሚል ምርጫ በማርች 28, 2025 አንሥቶታል። ዛሬ የገዙት ዕቃ ሕግ ነገ በሶፍትዌር ማሻሻያ ሊቀየር እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለ አንድ ዕቃ አውርተን ሳናበቃ ማስታወቂያው መጣ። ሰምቶን ነው?

ምናልባት አይደለም። ስልክዎ ኢንተርኔት ላይ የፈለጉትን፣ የሄዱበትን ቦታ፣ በአንድ ዋይፋይ የሚጠቀሙ ጓደኞችዎ የፈለጉትን ስለሚያውቅ መገመት ይችላል፤ ማዳመጥ አያስፈልገውም። ያልገመቱልዎትን ሺህ ማስታወቂያ ደግሞ አያስታውሱትም። ለረዳቱ በቀጥታ የጠየቁት ወይም ያዘዙት ግን ሌላ ነው፤ እሱ ይመዘገባል፣ ማስታወቂያ ለመምረጥም ሊያገለግል ይችላል።

ልጆች ቢጠቀሙበት ችግር አለው?

ብቻቸውን አይተዋቸው። በዲሴምበር 2021 አንዲት የ10 ዓመት ልጅ አሌክሳን «አንድ ፈተና ስጪኝ» ብትላት፣ በከፊል የተሰካ ቻርጀር እግር ላይ ሳንቲም አስነኪ የሚል መልስ አገኘች። ኢንተርኔት ላይ ከተገኘ ጽሑፍ ተወስዶ ነው፤ ሲነበብ ግን እንደ ምክር ነው የተሰማው። እናቷ አጠገቧ ነበረች። አማዞን ስህተቱን አርሟል፤ ቀጣዩ ስህተት ምን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ድምፃቸውም ይቀመጣል። የአሜሪካ መንግሥት በ2023 አማዞን የልጆችን የአሌክሳ ቅጂዎች ከሚገባው በላይ አቆይቷል ብሎ ባቀረበው ክስ ኩባንያው 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የልጆች ሴቲንግ አለ፤ ያብሩት። በድምፅ ዕቃ መግዛትን ደግሞ ልጅ ኖረም አልኖረም ይዝጉት።

ቴሌቪዥኑ ወይም ውጪ ያለ ሰው ሊያዝዘው ይችላል?

ሆኗል። በጃንዋሪ 2017 በሳንዲዬጎ አንድ የዜና አንባቢ፣ አንዲት ልጅ በአሌክሳ የአሻንጉሊት ቤት ስለማዘዟ ሲያወራ የተመልካቾች ስፒከሮችም ለማዘዝ ሞከሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ በርገር ኪንግ ሆን ብሎ የጉግልን ስፒከር የሚቀሰቅስ ማስታወቂያ አስተላለፈ።

ከዚህም የረቀቀ አለ። የዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ረዳቶችን አዘዙ። በ2019 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲና የጃፓን ተመራማሪዎች ማይክሮፎኑ ላይ ሌዘር በማብራት ብቻ፣ እስከ 110 ሜትር ርቀት ድረስ፣ ትእዛዝ ማስገባት እንደሚቻል አሳዩ። ተራ ሌባ ይህን ያደርጋል ብለው እንቅልፍ አይጡ። ስፒከሩን ግን መስኮት ላይ አያስቀምጡት፤ በመስኮት ጮክ ብሎ መናገርም ይሠራልና።

የበር ቁልፍን በድምፅ ማዘዝ አስተማማኝ ነው?

መቆለፍ ይሁን፤ መክፈት ይቅር። ረዳቱ የቤተሰቡን ድምፅ ለይቶ ያውቃል የሚባለው ለእርስዎ ሙዚቃና ቀጠሮ ለመምረጥ እንጂ ለጥበቃ አይደለም። በ2017 የአንድ ጋዜጠኛ መንታ ወንድም የባንክ የድምፅ መለያን ጭምር ማለፍ ችሏል። የግድ ከሆነ ሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ ያድርጉ፤ ቁጥሩንም ጮክ ብለው እንደሚናገሩት አይርሱ።

ያገለገለ ስፒከር ስገዛ ወይም ስሸጥ ምን ላድርግ?

ሲሸጡ ሁለት ነገር ያድርጉ፦ ፋክተሪ ሪሴት (ያስቀመጠውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መመለስ)፣ ከዚያም ከአካውንትዎ ላይ ማስወገድ። ብዙ ሰው ሁለቱንም አያደርግም፤ የኖርዝኢስተርን ተመራማሪዎች ከገዟቸው 86 ያገለገሉ ኤኮ ዶቶች 61 በመቶው ሳይጸዱ የተሸጡ ነበሩ። በውስጣቸው የዋይፋይ የይለፍ ቃል ሳይቀር ይገኛል። ሲገዙ ደግሞ ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት በእርስዎ አካውንት ሲነሣ ይዩ፤ በቀድሞው ባለቤት ስም የታሰረ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይፈታም።

ኩባንያው አገልግሎቱን ቢዘጋው ዕቃዬ ምን ይሆናል?

በሰርቨር ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ይሞታል። የጉግሉ ኔስት በ2016 ሪቮልቭ የተባለውን የቤት መቆጣጠሪያ ዘግቶ ሰዎች የገዙትን ዕቃ ከጥቅም ውጪ አደረገው። የስማርት ቤት ዕቃዎች አምራቹ ኢንስቲዮን በኤፕሪል 2022 ሰርቨሮቹን ያለማስጠንቀቂያ አጠፋ፤ በኋላ የራሱ ደንበኞች ተሰባስበው ገዝተው አስነሡት እንጂ። ማይክሮሶፍትም በ2023 የራሱን የድምፅ ረዳት ኮርታናን ከዊንዶውስ አሰናብቷል። ትልቅ ስም ዋስትና አይሆንም።

ይህ የሚያሳስባቸው ሰዎች ሆም አሲስታንት ወደሚባለው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ይሄዳሉ። በ2013 የተጀመረ ነው፤ እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ከ2023 ወዲህ የራሱ የድምፅ ረዳት አለው። ለመትከል ትዕግሥት ይፈልጋል፣ አንዳንድ ቅዳሜዎችንም ይበላል። አቅሙም ፍላጎቱም ከሌለዎት፣ ቢያንስ ውድ የሆነውን ዕቃ ሲገዙ ማተር የሚደግፍና በእጅ የሚሠራ ቁልፍ ያለው ይሁን፤ ርካሹን አምፖል እንደፈለጉ ይግዙ።